«ልጄ አልበላ አለኝ!» የሚያስበላ ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ የማወራችሁ በውስጥ መስመር በብዛት ስለምትጠይቁኝ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ምግብ እምቢ አለኝ፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ንገሪኝ።» ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ትንሽ ልጅ ላላችሁም፣ ጎረምሳና ኮረዳ ለምታሳድጉም የሚሆን ነገር አለው። ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ሻዩን ለእናንተ ነው ያልኩት። ስለ ልጆቹ ሻይ ወደ ታች እንጣላለን።)

በቅርቡ አንዲት እናት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩትን ልጇን ይዛ መጣች። አያትየውም አብረው ነበሩ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) እናትየው ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ምንም አይበላም፤ የሚያስበላ ሽሮፕ ጻፊልኝ» አለችኝ። ልጁን መዘንነው፤ 13 ኪሎ። ለዕድሜው ጥሩ ክብደት ነው። ምንም የማይበላ ልጅ 13 ኪሎ ከየት አመጣ?

«እስቲ ትናንት ከተነሳ ጀምሮ አፉ የገባውን ሁሉ ንገሪኝ» አልኳት። ቀስ እያልን ቆጠርን። እንደተነሳ አንድ ጡጦ ወተት። ሦስት ሰዓት ላይ ብስኩት በሻይ። አምስት ሰዓት ላይ የታሸገ ጁስ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ እያየ ሁለት ሦስት ጉርሻ። «ምንም ስላልበላ» ደግሞ ሌላ ጡጦ። አመሻሽ ላይ አባቱ ከሱቅ ይዞለት የመጣው ችብስ። ሊተኛ ሲል ሦስተኛ ጡጦ። ቆጥረን ስንጨርስ አያትየው ሳቁና «ታዲያ በምን ሆዱ ይብላ!» አሉ። ምርመራውን እሳቸው ጨረሱልኝ ማለት ይቻላል።

የሚያስቀው ግን እዚህ ድረስ ብቻ ነው። የልጁ መዳፍና የዓይኑ ውስጠኛ ቆዳ ገርጥቷል። ስጠይቃቸው ግድግዳ እየፋቀ ይበላል፣ አፈርም ይልሳል አሉኝ። ደሙ ሲታይ ሄሞግሎቢኑ ዝቅ ብሏል፤ የብረት ማዕድን እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ነበር። ክብደቱ የሚያሳማ ስላልነበር ማንም አላወቀም። ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው፦ ልጅ ሳይከሳም በምግብ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ዕድሜ የሚቆይ የብረት እጥረት ደግሞ የሚነካው ደምን ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ እድገትንና ትኩረትንም ይነካል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህች እናት ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ብትመጣ ኖሮ ሽሮፑን ጽፌ እሸኛት ነበር። ለሌሎች ጽፌያለሁም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እናት ተጨንቃለች፣ ባዶ እጇን መመለስ ይከብዳል። ከወር በኋላ አንዷ ተመልሳ «መድኃኒቱ እስካለ ይበላ ነበር፤ ሲያልቅ እንደ ድሮው ሆነ፤ ሌላ ጻፊልኝ» ስትለኝ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ትናንት ልጁ ምን እንደበላ እንኳን አልጠየቅኳትም ነበር።

ለመሆኑ ሽሮፑ ምንድነው? በብዛት የሚሸጠው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት መጨመሩ ከጎንዮሽ ጠባዮቹ አንዱ ነው፤ ሌላኛው ደግሞ እንቅልፍ ማብዛት ነው። ሐኪም ለይቶ የሚያዝበት ሁኔታ አለ። ነገር ግን ጤነኛ ልጅ «እንዲወፍር» ተብሎ ከፋርማሲ በራስ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ልጁን ምግብ መብላትም አያስተምረውም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ለምን ይቀንሳሉ?

ብዙ እናቶች «እስከ ዓመቱ ድረስ ጥሩ ይበላ ነበር፣ ከዛ በኋላ ምን እንደነካው እንጃ» ይላሉ። ምንም አልነካውም። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው ወደ 9 ወይም 10 ኪሎ ይደርሳል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ነው። እድገቱ ሲረጋጋ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋጋል። አንድ ቀን እንደ ጎልማሳ ይበላል፣ በማግስቱ ሦስት ማንኪያ ብሎ ይነሳል። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ አዲስ ምግብ መፍራት የተለመደ ነው።

እኛ ግን እንደነግጣለን። ስንደነግጥ ደግሞ ማሳደድ እንጀምራለን። «አንድ ጉርሻ ብቻ!»፣ «አውሮፕላኑ መጣ!»፣ «ካልበላህ ጅቡ ይበላዋል!»። የባሰው ደግሞ «ካልበላህ ዶክተሯ መርፌ ትወጋሃለች» ነው። እባካችሁ በእኛ አታስፈራሯቸው፤ በኋላ ጉሮሯቸውን ለማየት ግማሽ ሰዓት የምንለምነው እኛ ነን!

ሥራውን ከልጁ ጋር ተካፈሉ

ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስተማረችው አንድ አሠራር አለ፤ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼ እንደሚቀርብና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ከቀረበው ውስጥ መብላት አለመብላቱን እና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። በቃ።

በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተገልብጦ ነው። ምን እንደሚበላ ልጁ ይወስናል («ብስኩት እንጂ እንጀራ አልፈልግም»)፣ መቼ እንደሚበላም ልጁ ይወስናል (ባለቀሰ ቁጥር)፣ ስንት ጉርሻ እንደሚበላ ግን እኛ እንወስናለን። ለዚያች እናት ያልኳት ይህንን ወደ ቦታው እንድትመልሰው ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሐል ሁለት መክሰስ። በመሐላቸው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ልዩነት፤ በዚያ ጊዜ ውኃ ብቻ። ሳህኑ ላይ ልጁ የሚወደው ቢያንስ አንድ ነገር ይኑር፣ ሌላው ቤተሰቡ የሚበላው ይሁን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ካልበላ ሳትቆጡ ሳህኑን አንሱ። እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ ብስኩት የለም፣ ምትክ ጡጦም የለም።

«በረሃብ ቢሞትብኝስ?» አለችኝ። ጤነኛና እድገቱ ጥሩ የሆነ ልጅ አንድ ምሳ በመዝለሉ አይጎዳም። ቀጣዩ መክሰስ ላይ ርቦት ይመጣል፤ ርሃብን የሚተካ ሽሮፕ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። (ልጃችሁ የስኳር ሕመም ካለበት ወይም በጤና ባለሙያ ክትትል ላይ ያለ ከሲታ ልጅ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይመለከታችሁም፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።)

ጉርሻን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እኔም ቤት ስሄድ እናቴ እስካሁን ታጎርሰኛለች። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልጅ ጎኑን አዙሮ፣ አፉን ዘግቶ «በቃኝ» ሲል ቀጥሎ የሚመጣው ጉርሻ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ የሆድህን አትስማ። ልጆች መጥገባቸውን የሚያውቁበት ስሜት ሲወለዱ ጀምሮ አላቸው። ስልክ እያዩ ሲበሉ ደግሞ ስሜቱ ጭራሽ አይሰማም፤ ለዚህ ነው በስልክ የሚበላ ልጅ ያለ ስልክ የማይበላው። እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፤ ይዝረክረክ። የሚጠረገው ወለል ነው።

አዲስ ምግብ ሲቀርብ አንዴ ስለተፋው «ጎመን አይወድም» ብላችሁ አትዝጉት። አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪቀበል 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። በትንሹ፣ ያለ ጭቅጭቅ፣ በተለያየ ቀን። እናንተ ራሳችሁ ጎመኑን እየበላችሁ ደግሞ። እናቱ ቆስጣ ስትነካ አይቶ የማያውቅ ልጅ ቆስጣ ይወዳል ብላችሁ አትጠብቁ። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለትም አይጠቅምም፤ ልጁ የሚማረው ጎመን ቅጣት፣ ከረሜላ ሽልማት መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ሻዩ

ሻይ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ምግብ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተጣብቆ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በተለይ እንደ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ካሉ ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ከምሳ በኋላ ሻይ የለመደ ልጅ የበላውን ብረት ራሱ እያባረረው ነው። ለትንንሽ ልጆች ሻይ ባትሰጡ ይመረጣል። ለትልልቆቹና ለራሳችሁ ደግሞ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል፦ ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ከሽሮ ጋር የቲማቲም ሰላጣ፣ ከምሳ በኋላ ብርቱካን። ለትልልቆቹ ቃሪያም።

«ጤፍ ብረት አለው እየተባለ እንዴት ያጥረዋል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጤፍ አለው፤ ነገር ግን ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር ጋር የሚመጣ ነው፣ ሰውነታችንም በደንብ አይጠቀምበትም። ሊጡ መቦካቱ ብረቱ በተሻለ እንዲገባ ይረዳል፤ ግን እንጀራ ብቻውን አይበቃም። አቅም ሲኖር ትንሽ ሥጋ ወይም ጉበት በደንብ በስሎ፤ ሳይኖር ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ። ሥጋ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ከዚሁ ገበያ ነው የምገዛው። የምስር ወጥ ከሎሚ ጋር ግን ከታሸገ ጁስ በጣም ይሻላል።

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሲበዛ ግን ችግር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በቀን ከ500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት መካከለኛ ብርጭቆ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆዱን ሞልቶ ምግቡን ያስቀራል። የኛው ልጅ በቀን ሦስት ትልልቅ ጡጦ ይጠጣ ነበር። ዓመት ካለፈው በኋላ ከጡጦ ወደ ኩባያ አሸጋግሩት፤ ጥርሱንም ታድኑለታላችሁ።

ጁስ ደግሞ «ፍራፍሬ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ ጭራሽ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ያውም ስኳር ያልተጨመረበት። የቡና ሲኒ ሁለት ብላችሁ አስቡት። ብርቱካኑን ልጦ መስጠት ይበልጣል። ለስላሳ ላይ አልቆይም፦ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ መሆኑን ይመክራል። 1,500 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 5 በመቶ ማለት 19 ግራም አካባቢ ነው። አንዱ ጠርሙስ አልፎታል።

ሳልረሳው፦ ቆሎና ኦቾሎኒ እንደ ፍሬው አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። አየር ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ቆሎው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ትንሹን ልጅ አትርሱት። ዓመት ላልሞላው ደግሞ ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ትምህርት ቤት ሲገቡ

እዚህ ጋር ጦርነቱ ምሳ ዕቃው ላይ ነው። አምስቱንም ቀን ፓስታና ሩዝ፣ ጎን ለጎን ችብስ። ፓስታ መርዝ አይደለም፤ ምስር ወይም እንቁላል ግቡበት፣ ካሮት ጨምሩበት። ፍርፍር ከእንቁላል ጋር፣ ድንችና ካሮት ጥብስ፣ ጨጨብሳ ከሙዝ ጋር፣ ሁሉም ሲቀዘቅዙም ይበላሉ። ማታ ልጁን «ነገ ፍርፍር ነው ወይስ ድንች?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱንም የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ግን የመረጠው እሱ ይመስለዋል። ይሠራል፣ ሞክሩት።

ምሳ ዕቃው ሳይበላ ሲመለስም ከመቆጣት በፊት ጠይቁ። አንዳንድ ልጅ ጓደኞቹ በሽሮው ስለሳቁበት ነው የማይበላው። አንዳንዱ ለምሳ የሚሰጣቸው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው።

አሥራዎቹ ዕድሜ

ከዚህ በኋላ ሳህኑን እናንተ አትቆጣጠሩትም፤ የኪስ ገንዘብ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ጓደኛ አለ። እናንተ የምትቆጣጠሩት ቤት ውስጥ ያለውን ነው። ችብስና ለስላሳ በካርቶን ገዝቶ አስገብቶ «አትብሉ» ማለት አይቻልም። ከ12፡30 ጀምሮ ሰርቪስ የሚጠብቅ ልጅ ቁርስ ካልበላ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ይዞ ይውጣ። ምግብ ማብሰልን አስተምሯቸው፣ ወንዶቹንም ጭምር። ሽሮ መሥራት የሚችል ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይጠቅመዋል። ከቻላችሁ እራትን አብራችሁ ብሉ፤ የእናንተም ስልክ ይቀመጥ።

ሴት ልጆች የወር አበባ ሲጀምሩ የብረት ፍላጎታቸው ይጨምራል። ሁሌ የሚደክማት፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ ልጅ «ሰነፍ» ላትሆን ትችላለች፤ ደሟን አስመርምሩ።

ስለ ጾም በየዓመቱ ትጠይቁኛላችሁ። ልጁ ይጹም አይጹም እናንተና የንስሐ አባታችሁ ወስኑ፤ እኔ የምናገረው ሳህኑ ላይ ስላለው ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ዳቦ በሻይና ችብስ የሚበላ ልጅ ጾመ እንጂ አልተመገበም። ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ ይኑር። ቫይታሚን ቢ12 ግን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ሰውነት ክምችት ስላለው በአንድ ጾም አያልቅም፣ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የማይነካ ልጅ ግን ሊያጥረው ይችላል። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ደግሞ ሱሑር አይዝለሉ፤ ውኃም ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ከፋፍለው ይጠጡ።

በፈተና ሰሞን ኃይል ሰጪ መጠጥ እየጠጡ ማደር በዝቷል። ካፌይኑ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፤ ለልጆችና ለታዳጊዎች አይመከርም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ። ዘመድ ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ሰላምታችን «ውይ ወፈርሽ!» ወይም «ምነው ከሳህ፣ አይሰጡህም እንዴ?» ነው። የ14 ዓመት ልጅ ይህንን ሰምታ ትስቃለች፤ ማታ ግን እራት ትተዋለች። ክፍሌ ውስጥ እያለቀሱ የነገሩኝ አሉ። ስለ ልጃችሁ ሰውነት ሰው ፊት አታውሩ፣ አክስት ስታወራም በዘዴ አስቁሟት። ክብደት በእውነት ችግር ከሆነ ለብቻዋ «አመጋገብሽ አስቀያሚ ነው» ሳይሆን «ሁላችንም ለስላሳ እናቁም» በሏት፤ ያኔ ቤቱ ይለወጣል እንጂ እሷ ብቻዋን አትቀጣም።

መቼ ሐኪም ቤት?

ክብደቱ መጨመር ካቆመ ወይም ከቀነሰ፤ ሲውጥ የሚያመው ወይም የሚያንቀው ከሆነ፤ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለው፤ ከገረጣ፤ አፈር፣ ግድግዳ ወይም ጠመኔ የሚበላ ከሆነ፤ የሚቀበላቸው ምግቦች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው በየጊዜው ከቀነሱ፤ ብዙ ውኃ እየጠጣና እየሸና ከከሳ (ይህ የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አሳዩት)። በአሥራዎቹ ላይ ደግሞ ምግብ እየደበቁ መጣል፣ ከበሉ በኋላ መታጠቢያ ቤት መቆየት፣ የወር አበባ መቅረት። እነዚህ ሲታዩ የቤት ዘዴ አትሞክሩ።

ያ ልጅ? እናቱ ሽሮፕ ይዛ ነው የሄደችው፤ ግን የሚያስበላውን ሳይሆን የብረቱን። (የብረት ሽሮፕ ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጡ። ልጅ ብዙ ከጠጣው ግን አደገኛ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት።) የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር አለችኝ። ልጁ አለቀሰ፣ አያትየው ሁለት ጊዜ ብስኩት በድብቅ ሰጡ፣ አባትየው ችብሱን ለማቆም ተከራከረ። ለውጡ የመጣው ሁሉም፣ ሠራተኛዋም ጭምር፣ አንድ ላይ ከተስማሙ በኋላ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ ሄሞግሎቢኑ ተስተካክሏል፣ ግድግዳ መፋቅ ትቷል። ጎመን ግን እስካሁን አይበላም።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ስትጽፉ የልጁን ዕድሜ፣ ክብደትና ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላውን የጠጣውን ሁሉ፣ ብስኩቷንም ሳትደብቁ አስገቡ።